የአንድ ቀለህ ዋጋ

በዚህ ዓምድ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ትምህርት ቤት ክፍያና ስለ ልጆች ልደት ወጪ ስናወራ ከርመናል። የዛሬው ርዕሳችን ብዙዎቻችን በአያቶቻችን ቤት ያየነው፣ በከተማ ሳሎናችን ግን ስሙን ብዙም የማናነሳው ነገር ነው፤ ጥይት። ይበልጡንም ጥይቱ ከተተኮሰ በኋላ መሬት ላይ የሚቀረው ባዶ ቀለህ።

ነገሩን እንዳነሳው ያደረገኝ አሜሪካ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ነው። ጎረቤቱ ቅዳሜ ቅዳሜ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘግቶ ምን እንደሚሠራ ቢጠይቀው፣ «ጥይት እሞላለሁ» አለው። በሌሎች ዘንድ ዓሣ ማጥመድ ወይም አትክልት መኮትኮት እንደሚወደደው ሁሉ፣ ያገሬው አዳኝና የዒላማ ተኳሽ የተኮሰበትን ቀለህ ሰብስቦ እቤቱ ዳግም መሙላትን እንደ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ይዞታል። ለዚህ ብቻ የሚታተሙ መጻሕፍት አሉ፤ ለዚህ ብቻ ዕቃ የሚያመርቱ ኩባንያዎችም አሉ። የአክስቴ ልጅ ይህን ሲነግረኝ እየሳቀ «የእኛ አያቶች በችግር የሠሩትን እነዚህ ለመዝናናት ይሠሩታል» አለኝ። ሥራዬ ገበያ ነውና የዕቃን ዋጋ ማን እንደሚወስነው ማሰብ ልማዴ ነው። ንግግሩ ከአእምሮዬ አልጠፋ አለ።

የእናቴ ወገኖች ቢቸና፣ የባለቤቴ ወገኖች ደግሞ ሞጣ ናቸው። ዓባይን ተሻግረን ደጀን ስንደርስ ወደ ቀኝ ታጥፈን በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚያደርሰውን መንገድ ልጆቻችን በቃላቸው ያውቁታል። በዚያ መስመር ጠመንጃ የአባወራ ማዕረግ ነው። ጥይት ደግሞ ቁጠባ ነው። የእናቴ አጎት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዝናራቸውን ከምሰሶው አውርደው ጥይቶቻቸውን አንድ በአንድ በጨርቅ ሲወለውሉ «አያ፣ መቼ ነው የሚተኩሱት?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «ልጄ፣ ጥይት ይቆጠራል እንጂ አይተኮስም» አሉኝ። ያን ጊዜ ቀልድ መስሎኝ ነበር። በኋላ ታሪኩን ሳነብ ግን የኢኮኖሚ ትምህርት ሆኖ አገኘሁት።

ጥይት ገንዘብ በነበረበት ዘመን

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ20ኛው መጀመሪያ በኢትዮጵያ ገበያዎች ጥይት እውነተኛ ገንዘብ ነበር። ትልቁ ገንዘብ ማርትሬዛ፣ ማለትም ጠገራ ብር ነው። ይሁንና አንድ ጠገራ ብር ለጥቃቅን ግብይት ይበዛል። ዝርዝር ሆነው የሚያገለግሉት አሞሌ ጨውና ጥይት ነበሩ። ጥይቱ ደግሞ የውጅግራ ጥይት ነው።

ውጅግራ የሚለው ቃል ራሱ ለእኔ ቢጤው የገበያ ሰው ድንቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 ፈረንሳዮች ለጦር ሠራዊታቸው ያወጡት ጠመንጃ በእነርሱ አፍ «ፉዚ ግራ» ነው፤ የግራ ጠመንጃ ማለት ነው፤ ግራ የሠሪው መኮንን ስም ነው። በእኛ አፍ ውጅግራ ሆነ። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ይዘውት የመጡት ስናይደር ሰናድር ተባለ። የኦስትሪያው ማንሊከር ምንሽር፣ የቤልጅጎቹ ቤልጅግ፣ የካላሽኒኮቭ ደግሞ ክላሽ ሆነዋል። የእኛ ሰው የፋብሪካ ስም አጥቦ፣ አድርቆ፣ የራሱ አድርጎ የሚለብስ ሰው ነው። አንድም ብር ለማስታወቂያ ሳይወጣበት መቶ ዓመት በሕዝብ አፍ የኖረ ስም ያለው ምርት ዛሬ ስንት አለ?

ታዲያ ጥይት ለምን ገንዘብ ሊሆን ቻለ? ሁሉም ይፈልገዋል፤ በቀላሉ አይበላሽም፤ መጠኑ አንድ ዓይነት ነው፤ ይቆጠራል። ኮሌጅ ስገባ ስለ ገንዘብ ጠባይ የተማርኩት ይኸንኑ ነበር። የእናቴ አጎት ኮሌጅ ሳይገቡ ያውቁት ነበር።

ገንዘብ የሆነ ነገር ደግሞ አይጣልም። አንድ ጥይት አራት ነገሮች አሉት፤ ከፊት የሚበረው አረር፣ ውስጡ ያለው ባሩድ፣ ከቂጡ ያለችው ትንሽዬ መለኮሻ፣ ሁሉንም የያዘው ቀለህ። ሲተኮስ ሦስቱ ያልቃሉ፤ ቀለሁ ይቀራል። የውጅግራ ቀለህ ደግሞ ከናስ የተሠራ ወፍራም ዕቃ ነበር። ስለዚህ የዚያን ዘመን ተኳሽ ቀለሁን ጎንበስ ብሎ ያነሣል፤ ባሩድ የሚቀምም፣ እርሳስ የሚያቀልጥ ባለ እጅ ዘንድ ይወስደዋል፤ ቀለሁም ዳግም ይሞላል። የፋብሪካ ጥይት ከጅቡቲ ወደብ እስከ ጎጃም ድረስ በበቅሎ በሚጓዝበት አገር ይህ መዝናኛ አልነበረም፤ ኑሮ ነበር።

አምስቱ የጠላት ዓመታትም ችግሩን አባሱት። ቢቸና የበላይ ዘለቀ አገር ናት። ጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት የተቀጣው ያ አርበኛ ጦር ሲመራ የጀርባ ስንቅ የሚያቀብል ፋብሪካ አልነበረውም። አርበኛ ጥይት የሚያገኘው በአብዛኛው ከጠላት ማርኮ ነው። እያንዳንዷ ጥይት የሰው ነፍስ ተከፍሎባታል። በዚያ ልክ የተገዛ ነገር እንደ ዋዛ ወደ ሰማይ አይረጭም። «ጥይት ይቆጠራል» የሚለው አነጋገር ሥሩ እዚህ ይመስለኛል።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የተነሣው የጎጃም ገበሬዎች አመፅ ዋና ዋና ማዕከሎችም ሞጣና ቢቸና ነበሩ። ገበሬው ከግብሩ ሌላ የጠመንጃ ምዝገባውንም በጥርጣሬ ዓይን ያየው ነበር፤ ዛሬ የተመዘገበ ነገ ይወሰዳል ብሎ። መንግሥት የጦር አውሮፕላን ጭምር አሰማራ። በመጨረሻ ግን ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቍሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ ግብሩም ቀረ። ለከተሜው ጠመንጃ የወንጀል ዜና ሊሆን ይችላል። ለሞጣ ገበሬ ግን የርስቱ ዋስትና ነው። ይህን ሳንረዳ «መሣሪያ መጥፎ ነው» ብንላቸው አያቶቻችን አይሰሙንም፤ ባይሰሙንም አልፈርድባቸውም።

ከእጥረት የተወለደ መዝናኛ

አሁን ወደ አሜሪካ እንመለስ። እዚያም ቢሆን ነገሩ የተስፋፋው ከእጥረት ጋር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የፋብሪካዎች ምርት ሁሉ ወደ ጦር ግንባር ይሄድ ስለነበር ለአዳኝ የሚተርፍ ጥይት ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1943 በካሊፎርኒያዋ የኦሮቪል ከተማ ፍሬድ ሃንቲንግተን የተባለ ሰው በአባቱ የልብስ ንጽሕና ቤት ጓሮ ክፍል ውስጥ ሆኖ፣ ከተጣለ የትንሽ ጥይት ቀለህ የአረር ልባስ የሚያወጣ መሣሪያ ሠራ። አርሲቢኤስ የሚባለው ኩባንያ ከዚያ ጓሮ ወጣ። ዛሬ በጥይት መሙያ ዕቃዎች ከታወቁት ስሞች አንዱ ነው።

እንግዲህ ኦሮቪልና ቢቸና ምን ለያቸው? ሁለቱም ዘንድ እጥረት ነበር፤ ሁለቱም ዘንድ የሚያነሡት ቀለህና ብልህ እጅ ነበር። ልዩነቱ በዙሪያቸው ያለው ነገር ነው። በኦሮቪል ዙሪያ ሕግ አለ፤ በቤተ ሙከራ የተፈተነ የመጠን መጽሐፍ፣ የእህል ቅንጣት ታህል ልዩነት የሚለይ ሚዛን፣ የታጠረ የመተኮሻ ሜዳ አለ። ይህም ሁሉ ሆኖ የሥራው ሰዎች ራሳቸው ጥብቅ ደንብ አላቸው። ሲጋራ አይጨስም፤ ቴሌቪዥን አይከፈትም፤ የዓይን መከላከያ ይደረጋል፤ ባሩድ ከፋብሪካ ከመጣበት ዕቃ ወደ ሌላ አይገለበጥም፤ ልጅ በአጠገቡ አይደርስም። ሥራው ሲያልቅ እጅ በሚገባ ይታጠባል፤ እርሳስ መርዝ ነውና። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች ጉዳት የለውም ሊባል የሚችል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል።

ሌላም ነገር አለ። አያቶቻችን የሚያውቁት ባሩድ ጥቁሩ፣ ጭሳሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1884 ፖል ቪዬይ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ጭስ አልባውን ባሩድ ሠራ፤ የዘመኑ ጥይት ሁሉ የሚሠራው በዚህ ዓይነቱ ነው። ለዓይን ብዙ የማይለይ ይመስላል፤ ጉልበቱ ግን እጅግ ይለያል። አንዱን በሌላው ቦታ የተካ ሰው ጠመንጃው ፊቱ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ቀለሁም ቢሆን በተተኮሰ ቁጥር ይደክማል፤ ይሰነጠቃል። ከሁሉም በላይ ዛሬ በገጠር የበዛው የክላሽ ጥይት ቀለህ በአብዛኛው ከብረት የተሠራ፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ የታሰበ ነው። ከናሱ ውጅግራ ጋር የሄደው ሙያ ከክላሹ ጋር አይመለስም።

ሕጉም ግልጽ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያና ጥይት መያዝን፣ ማምረትን፣ መነገድንና ማዘዋወርን ይከለክላል። ስለዚህ ቪዲዮ አይቶ «እኔም እሞክረው ይሆን?» ለሚል የአክስትና የአጎት ልጅ መልሴ አጭር ነው፤ አትሞክረው።

የእኛ ጉዳይ ግን መሙላቱ አይደለም

እውነቱን ለመናገር፣ ይህን መጽሔት የሚያነብ ቤተሰብ ውስጥ ጥይት እቤቱ ልሙላ የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም። ሊያሳስበን የሚገባው ሌላ ነው። የእኛ ልጆች ክረምት ሲመጣ፣ ፋሲካ ሲደርስ አያት ቤት ይሄዳሉ። አያት ቤት ደግሞ ጥይት አለ። እንደ ቁጠባ ስለሚታይ የሚቀመጠውም እንደ ቁጠባ ነው፤ ከሙዳይ፣ ከትራስ ሥር፣ ከጤፍ ጎታ ኋላ። ሌባ እንዳያገኘው ተብሎ የተደበቀውን ድብብቆሽ የሚጫወት ልጅ በአምስት ደቂቃ ያገኘዋል።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የደረሰባትን ልንገራችሁ። የስምንት ዓመት ልጇ ከአያቱ ቤት ሲመለስ የሚያብረቀርቅ ነገር ደብቆ መጣ። የትምህርት ቤት ቦርሳውን ስታጥብለት ከኪሱ ያልተተኮሰ ጥይት ወደቀ። ልጁ «ጌጥ መስሎኝ ነው» አለ። ደጀንን፣ የዓባይን በረሃና የመንገዱን ፍተሻዎች ሁሉ አልፎ አዲስ አበባ ገብቷል። ፈታሾቹ ቢያገኙት በዚያች አውቶቡስ ውስጥ ለእናቱ ማን ይመሰክርላት ነበር? ወይስ ልጁ ጥይቱን በመዶሻ መትቶት ቢሆንስ? ባልደረባዬ ይህን ስትነግረን ቢሮው ጸጥ አለ። ቀጥሎ ግን አንድ በአንድ «እኛም ቤት» የሚሉ ድምፆች ተሰሙ።

በተለይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ሳቢያ ጥይትና ቀለህ በዝናር ውስጥ ብቻ የሚገኙ ነገሮች አይደሉም። በማሳ ዳር፣ በወንዝ ዳር፣ በትምህርት ቤት አጥር ሥር ሊገኙ ይችላሉ። የገጠር ልጅ ደግሞ ቀለህ ሲያገኝ አፉ ላይ አድርጎ ያፏጭበታል። ችግሩ፣ የተተኮሰውንና ያልተተኮሰውን፣ ጥይቱንና ሌላውን ፈንጂ ለይቶ ማወቅ ለሕፃን ዓይን ከባድ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ወደ አያት ቤት ከመሄዳችን በፊት ልንጠይቀው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ጥይቱ የት ነው የሚቀመጠው?» አውቃለሁ፣ ለአማችና ለአያት ይህን መጠየቅ ያሳፍራል፤ የቤት ገመና የመመርመር ያህል ነው። እኔና ባለቤቴ ያገኘነው መላ አጠያየቁን መለወጥ ነው። «አባባ፣ ልጆቹ ባለጌዎች ናቸው፤ ሁሉን ይነካካሉ፤ ንብረትዎን እንዳያጠፉብዎ ቆልፈው ያስቀምጡልን» አልናቸው። ንብረት መሆኑን ስናከብርላቸው ቁልፉን ራሳቸው ፈልገው አመጡ። ጠመንጃው ከጥይቱ ተለይቶ፣ ሁለቱም በየራሳቸው ሳጥን ተቆልፈው፣ ቁልፉ ከአንገታቸው ማተብ ጋር ሆነ።

ለልጆቹ ደግሞ ሦስት ነገር ብቻ ማስተማር ይበቃል። አትንካ። ከቦታው ራቅ በል። ለትልቅ ሰው ንገር። «እሳት ውስጥ ብትጨምረው ይፈነዳል» እያልን ማብራራቱ አንዳንዱን ደፋር ልጅ ለሙከራ ይጋብዘዋል፤ ሦስቱን ቃላት እንደ ስልክ ቁጥራችን ማስጠናት ይሻላል። ለእኛ ለወላጆች ግን ማወቅ ያለብን ነው፤ ጥይት እሳት ውስጥ ከገባ ጠመንጃ ሳያስፈልገው ቀለሁ ተቀዶ ስብርባሪው ሰው ያቆስላል። ቆሻሻ የሚቃጠልበት ጓሮ ያለው ሁሉ ይጠንቀቅ።

የሠርጉና የለቅሶው ተኩስም አለ። ለሙሽራ ክብር፣ ለጀግና ሞት ወደ ሰማይ መተኮስ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ሰማይ ግን አይቀበለውም፤ የወጣው አረር የሆነ ቦታ ይወርዳል። ድግስ በተደገሰበት ቀን ደግሞ «የሆነ ቦታ» ሰው የሞላበት ነው። ይህን ለማስቀረት ከእናቴ አጎት ንግግር የተሻለ ስብከት አላገኘሁም። አንዱ ቁጠባውን ባንክ ቤት በር ላይ ቢያቃጥል ጀግና እንለዋለን? ጥይት ይቆጠራል እንጂ አይተኮስም።

ቀለህን በሌላ መሙላት

አንድ ነገር ልጨምር። ባዶ ቀለህ የግድ ባሩድ አይሞላም። በየገጠሩ የኩል መያዣ ሲሆን፣ የዱላ ጫፍ ማሰሪያ ሲሆን ታይቷል። የገረመኝ ግን የእንጦጦው ሥራ ነው። በእንጦጦ ተራራ አካባቢ ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ሴቶች ከገጠር ተሰብስቦ የመጣ የናስ ቀለህ ቀልጦ በሚወጣው ዶቃ የአንገትና የጆሮ ጌጥ ሲሠሩ ቆይተዋል። ሬቨን ኤንድ ሊሊ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ጌጣጌጡን ከነታሪኩ ለውጭ ገበያ አቅርቦታል። በእኛ ሙያ ይህ እሴት መጨመር ይባላል። ያው ናስ ነው፤ ትናንት ሞት ተሸክሞ ነበር፤ ዛሬ የአንዲት እናት የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ተሸክሟል።

እዚህ ላይ ነው የአንድ ቀለህ ዋጋ የሚገባኝ። ለአያቶቻችን ዋጋው ነጻነትና ርስት ነበር፤ እነርሱ ቀለሁን ዳግም የሞሉት ሌላ መንገድ ስላልነበራቸው ነው። ለኦሮቪሉ ሰው ሥራ ፈጠራ ሆነ። ለእንጦጦዋ እናት እንጀራ ሆነ። ለእኛስ? በአያት ቤት የተረሳ፣ በልጅ ኪስ የገባ አደጋ ሆኖ እንዳይቀር መጠበቅ የእኛ ድርሻ ይመስለኛል።

በሚቀጥለው በዓል ወደ አገር ቤት የምትወርዱ ሁሉ፣ ከስኳሩና ከቡናው ጋር አንድ ጠንካራ ቁልፍ ገዝታችሁ ሂዱ። ለአባወራው የሚመጥን ስጦታ ነው፤ «ለንብረትዎ» ብላችሁ ስጧቸው። ልጆቹን ደግሞ ሦስቱን ቃላት በመንገድ ላይ አስጠኗቸው፤ እስከ ደጀን ብዙ ሰዓት አለ።

ሰላሙን ለአገራችን፣ ጤናውን ለልጆቻችን ያብዛልን።